ስልክን በአፍ ማዘዝ፦ ለሰሜን ሸዋ ሰው የሚሆን የአሠራር መመሪያ

ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ በማለዳ እጅን ከኪስ ማውጣት ያስጠላል። ጓንት ካደረጋችሁ የስልኩ ስክሪን አይታዘዝም። ሊጥ የነካ እጅም ስልክ አይነካም። መሪ የያዘም፣ ሕፃን ያቀፈም እንደዚያው። ስልክን በአፍ ማዘዝ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ግን አንዴ ይሞክርና "ይሄ ነገር አማርኛ አይሰማም" ብሎ ይተወዋል።

ልክ ነው፣ ትእዛዝ በአማርኛ አይቀበልም። በአፍ የሚታዘዙት የስልክ ረዳቶች፣ ጉግል አሲስታንትም ሆነ የአይፎኑ ሲሪ፣ አማርኛ አልተማሩም። ግን ሌላ በር አለ። ጉግል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛ የተነገረን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ያኔ አማርኛና ስዋሂሊ አብረው ነበር የገቡት።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። አጭር አጭሩን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ አድርጉት። አላርም፣ ጥሪ፣ ባትሪ ማብራት፣ የአየር ሁኔታ መጠየቅ እዚህ ውስጥ ይገባል። ረዘም ያለውን ነገር ደግሞ፣ ማለትም መልእክት፣ ማስታወሻ፣ ማመልከቻ፣ በአማርኛ እየተናገራችሁ ስልኩን አስጽፉት። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ጥቂት ነው። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው እንኳ እንደ ስልክ ቁጥር በቃሉ ሊይዘው ይችላል። ለዚህም ነው ትእዛዞቹን ከዚህ በታች በፊደላችን፣ እንደሚነገሩት አድርጌ የጻፍኳቸው።

ስልኩን ማዘጋጀት

ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው። ጸጥ ያለ ክፍልና ኔትወርክ ያስፈልጋል።

1. በአንድሮይድ ስልክ ላይ የጉግልን አፕ ክፈቱ። ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን የራሳችሁን ፎቶ ወይም የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደል ንኩ።

2. "ሴቲንግስ" ውስጥ ግቡ፤ ከዚያ "ጉግል አሲስታንት" የሚለውን ምረጡ።

3. "ላንጉዊጅስ" ውስጥ ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጉት። ስልካችሁ በአማርኛ የተዘጋጀ ከሆነ ይህችን ደረጃ አትዝለሏት፤ ብዙዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው።

4. "ሄይ ጉግል ኤንድ ቮይስ ማች" የሚለውን አብሩት። ድምፃችሁን እንዲለይ የተወሰኑ ዓረፍተ ነገሮችን ያስደግማችኋል። በተለመደው ድምፃችሁ ተናገሩ፤ እንግሊዛዊ ለመምሰል አትሞክሩ። የሚለምደው የእናንተን አነጋገር ነው።

የስም አጠራሩና የቦታው አቀማመጥ ከስልክ ስልክ ይለያያል። በአዳዲስ ስልኮች ላይ ደግሞ የአሲስታንቱን ቦታ ጀሚናይ የተባለው አዲሱ የጉግል ረዳት እየወሰደ ነው። ከታች ያሉት የአላርምና የጥሪ ትእዛዞች ለእሱም ይሠራሉ። አነስተኛ ሜሞሪ ያለው ስልክ "ሄይ ጉግል" ሲባል ላይሰማ ይችላል። ያኔ የመሀሉን የሆም ቁልፍ ወይም የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝና መናገር ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰሞንም ይሄኛው መንገድ ይሻላል፤ ስልኩ ሁልጊዜ ጆሮውን ከፍቶ ሲጠብቅ ባትሪ ይበላል።

አይፎን የያዛችሁ ሴቲንግስ ውስጥ ሲሪ የሚለውን ክፍል ክፈቱና "ሄይ ሲሪ" ሲባል እንዲሰማ አብሩት። የአይፎን ባለቤቶች አንድ ብልጫ አላችሁ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ አይፎኖች የአላርምና የታይመር ትእዛዝን ያለ ኢንተርኔት ይሰማሉ። ኔትወርክ ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት አካባቢ ለምትኖሩ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድሮይድ ላይ ግን ለአብዛኛው ትእዛዝ ኔትወርክ እንደሚያስፈልግ ቁጠሩት። አንዴ የተሞላ አላርም ኔትወርክ ቢጠፋም ይጮኻል። ስለዚህ ወደ ገጠር ከመውጣታችሁ በፊት ማዘዝ ያለባችሁን ከተማ ሳላችሁ እዘዙ።

ሁለት ሲም ከያዛችሁ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ሳፋሪኮም በ2022 እ.ኤ.አ. ከገባ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር አብሮ የሚይዘው ሰው በዝቷል። በድምፅ "ደውል" ስትሉት ስልኩ "በየትኛው ሲም?" ብሎ ይቆማል። እጃችሁ ሊጥ ላይ ሆኖ ይህ ሲመጣ ያናድዳል። በስልኩ ሴቲንግስ የሲም ክፍል ውስጥ ለጥሪ የምትጠቀሙበትን ሲም አስቀድማችሁ ምረጡ።

ስሞቹን ማስተካከል

እንግሊዝኛ የሚሰማ ረዳት "ፀሐይ" ወይም "ጥላሁን" ብትሉት ግራ ይገባዋል። ጠበቅ የሚሉ ድምፆቻችንን አያውቃቸውም። መፍትሔው ሁሉንም ስም መለወጥ አይደለም። ቶሎ ቶሎ የምትደውሉላቸውን አምስት ስድስት ሰዎች ብቻ አስተካክሉ።

የስልክ ማውጫው ውስጥ ግቡና ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ለምላስ በሚቀል መጠሪያ አስቀምጡ። እቴቴን "ማዘር"፣ አባባን "ፋዘር"፣ ታላቅ ወንድማችሁን "ብራዘር" በሉ። ሁልጊዜ የሚጭናችሁን ባለባጃጅ "ድራይቨር"፣ ሱቁን "ሾፕ" ማለት ይቻላል። ሙሉ ስማቸውን ከአጠገቡ በአማርኛ መጨመር አይከለክልም። ከዚያ፦

"ሄይ ጉግል፣ ኮል ማዘር።" ለእናቴ ደውል ማለት ነው። "ኮል ማዘር ኦን ስፒከር" ካላችሁት ደግሞ በስፒከር ይደውላል።

የአምቡላንስ ቁጥርንም እንዲሁ አስቀምጡ። የቀይ መስቀሉ 907፣ የፖሊሱ 991 ነው። 907ን "አምቡላንስ" ብላችሁ መዝግቡት። ቤት ውስጥ ሰው ሲወድቅ ቁጥር መፈለግ ከባድ ነው። "ኮል አምቡላንስ" ማለት ግን ይቻላል። አንዴ ሞክሩትና መደወያው ሲከፈት ወዲያው ዝጉት፤ መስመሩን አትያዙባቸው።

ሰዓቱ፦ ጠንቀቅ የምትሉበት ቦታ

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያሳስተው ይህ ነው። ረዳቱ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ለመነሳት ፈልጋችሁ "ዋን ኤ ኤም" ብትሉት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሳችኋል። የሚብሰው ደግሞ ስታረፍዱ ነው። ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ያለበት ሰው በዚህ የተነሳ መኪና ሲያመልጠው ማየት ያሳዝናል።

ቀላሉ ዘዴ የግድግዳ ሰዓትን ማሰብ ነው። የእኛን ሰዓት የሚያሳየው ቁጥር ትይዩው ላይ ያለው ቁጥር የፈረንጁ ነው። ከ1 ፊት ለፊት 7 አለ፤ ጠዋት 1 ሰዓት "ሰቨን ኤ ኤም" ነው። ከ11 ፊት ለፊት 5 አለ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት "ፋይቭ ኤ ኤም" ነው። ከ9 ትይዩ 3 አለ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት "ስሪ ፒ ኤም" ነው። ማታ 3 ሰዓት "ናይን ፒ ኤም" ይሆናል።

"ኤ ኤም" እና "ፒ ኤም"ን አትርሱ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ "ኤ ኤም" ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት "ፒ ኤም" ነው። የቀኑን 6 ሰዓት ራሱን ስትፈልጉ "ኑን" በሉ፤ አያሳስትም።

እንግዲህ ትእዛዙ እንዲህ ነው፦ "ሄይ ጉግል፣ ሴት አን አላርም ፎር ፋይቭ ኤ ኤም።" ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀስቅሰኝ ማለት ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። አምሽታችሁ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሆናችሁ "ቱሞሮ" ብትሉ፣ እናንተ የምታስቡት የሚነጋውን ጠዋት ነው። ለስልኩ ግን ቀኑ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ተቀይሯል። አንድ ቀን ሊያዘልላችሁ ይችላል። እንዲህ ሲመሽባችሁ "ቱሞሮ" የሚለውን ትታችሁ ሰዓቱን ብቻ ተናገሩ።

እኔ በጣም የምወደው መንገድ ግን ከዚህ ሁሉ የሚገላግለው ነው፦ በሰዓት ሳይሆን በቆይታ እዘዙ። ሁለት ሰዓት በየትኛውም አገር ሁለት ሰዓት ነው። ሃያ ደቂቃም ሃያ ደቂቃ ነው። ትይዩ መቁጠር የለም፣ "ኤ ኤም" የለም።

"ሴት ኤ ታይመር ፎር ትዌንቲ ሚኒትስ።" ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጩኽ።

"ሪማይንድ ሚ ኢን ቱ አወርስ ቱ ኮል ማዘር።" ከሁለት ሰዓት በኋላ ለእናቴ እንድደውል አስታውሰኝ።

"ሪማይንድ ሚ ኢን ቴን ዴይስ ቱ ፔይ መኒ።" ከአሥር ቀን በኋላ ገንዘብ እንድከፍል አስታውሰኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። "ፊፍቲን" እና "ፊፍቲ"ን፣ "ሰርቲን" እና "ሰርቲ"ን ያምታታቸዋል። 15 ደቂቃ ለማለት ፈልጋችሁ 50 ሊሞላ ይችላል። የሚደግምላችሁን ቁጥር ስሙ። ሥራው ከፈቀደ ደግሞ 15ን ትታችሁ 20 በሉ፤ "ትዌንቲ" ከምንም ጋር አይምታታም።

ብዙ ሰው ስልኩ የሐበሻ ሰዓት እንዲያሳየው ብሎ ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ይህን ካደረጋችሁ እባካችሁ መልሱት። አላርሙም፣ ማስታወሻውም፣ የመልእክቶቻችሁም ሰዓት ይዛባል፤ አንዳንድ አፕ ደግሞ ጭራሽ አልከፍትም ይላል። ሴቲንግስ ውስጥ ሰዓትና ቀን የሚለውን ፈልጉና "አውቶማቲክ" አድርጉት። የሐበሻ ሰዓት ማየት ለምትፈልጉ የኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን መቁጠሪያ የሚያሳዩ አፖች ፕሌይ ስቶር ላይ አሉ። ስክሪናችሁ ላይ ማውጣት ትችላላችሁ።

ማኅበር፣ ዕቁብና በዓል

የሳምንቱ ቀን አንድ ዓይነት ስለሆነ በየሳምንቱ የሚመጣ ነገር ችግር የለውም። ቅዳሜ ገበያ ለምትወጡ "ሪማይንድ ሚ ኤቭሪ ሳተርዴይ አት ሰቨን ኤ ኤም" ማለት በቂ ነው። ሳምንታዊ ዕቁብም በዚሁ ይሄዳል።

የወሩ ቀን ግን ሌላ ነው። በየወሩ በ21 የማርያም ማኅበር ያለው ሰው ረዳቱን "በየወሩ" ካለው በፈረንጅ ወር ይቆጥርበታል። የእኛ ወር ሠላሳ ሠላሳ ነው፣ የእነሱ አይደለም። በሁለተኛው ወር ቀኑ ይሸሻል። ዓመታዊ በዓልም ቢሆን አያስተማምንም። ጥምቀት ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪ 19 ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ጥር ግን ጃንዋሪ 20 ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ የማኅበርና የዝክር ቀንን ለረዳቱ አትስጡ። የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ አፕ ላይ በእጃችሁ አስገቡት። ለአንድ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ስንት ቀን እንደቀረ ቁጠሩና በቆይታ እዘዙ፦ "ሪማይንድ ሚ ኢን ናይን ዴይስ።"

ማስታወሻው ውስጥ የአማርኛ ቃል አትጨምሩ። "ዕቁብ" ብትሉት የሚጽፈው ነገር ሲጮህ እናንተም አታውቁትም። "መኒ"፣ "ቸርች"፣ "ሜዲስን" የመሰሉ ቀላል ቃላት ይበቃሉ። በየቀኑ የሚደጋገም ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የእናታችሁ የደም ግፊት መድኃኒት፣ አላርሙን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሙሉና ስሙን በአማርኛ "የእቴቴ ኪኒን" ብላችሁ ጻፉበት። የሰዓት አፑ ይህን ይፈቅዳል። ድምፅን ለድንገተኛውና ለአንድ ጊዜው ማድረግ ይሻላል።

በየቤቱና በየሥራው

ማጀት ውስጥ ታይመር ብቻውን ትልቅ ረዳት ነው። ባቄላ ጥዶ ልብስ ለማጠብ የወጣ ሰው፣ ዳቦ የደፋ ሰው፣ "ሴት ኤ ታይመር" ማለት ብቻ ነው ያለበት። ሌሊት መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ "ተርን ኦን ዘ ፍላሽላይት" በሉ፤ ስልኩ ባትሪውን ያበራል።

ሱቅ ያላችሁ ሒሳብ አስሉት። እጃችሁ ሚዛን ላይ ሳለ "ዋት ኢዝ ሰቨንቲ ፋይቭ ታይምስ ትዌልቭ" ብትሉ 900 ብሎ ይመልሳል። ተማሪዎች ደግሞ ስታጠኑ ስልኩን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና 25 ደቂቃ በድምፅ ሙሉ። ስልኩን ካልነካችሁት ቴሌግራም አይጎትታችሁም።

ለገበሬውና በጓሮው አትክልት ለሚያለማ ሰው ትልቁ ጥቅም የሌሊቱን ብርድ መጠየቅ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በደጋው ውርጭ ሰብል ይመታል። ማታ ላይ እንዲህ ጠይቁ፦

"ዋት ዊል ዘ ሎወስት ቴምፕሬቸር ቢ ቱናይት?" ዛሬ ሌሊት ብርዱ እስከ ስንት ዲግሪ ይወርዳል?

የከተማውን ስም ጨምሩበት፤ "ኢን ደብረ ብርሃን" በሉ። ስሙን ካልያዘላችሁ የስልኩን "ሎኬሽን" አብሩና "ሂር" በሉት፤ ያላችሁበትን ቦታ ይወስዳል። ቦታውን መናገር እኛ ዘንድ ግድ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ትላለች። አንዱ ጋ ጋቢ ደርበው ሲቀመጡ ሌላው ጋ ጥላ ይፈለጋል። የአንዱ ትንበያ ለሌላው ምንም አይሆንም።

የሚነግራችሁን ቁጥርም እንዳለ አትውሰዱት። የትንበያው ሙቀት የሚለካው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በሰው ቁመት አካባቢ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ከዚያ በላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ 3 ዲግሪ ቢላችሁም ውርጭ ሊጥል ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ወደ ታች ስለሚወርድ ረባዳው ማሳ ከተዳፋቱ ይልቅ ይጎዳል። ችግኝ ያላችሁ ከ4 ዲግሪ በታች ሲላችሁ ሸፍኑ ነው የምለው።

ለሾፌሮች አንድ ነገር። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት በሕግ ያስቀጣል፤ በድምፅ መደወል እጅን ነጻ ያወጣል። ሐሳብን ግን ነጻ አያወጣም። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ፣ ወደ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት ስትወርዱ፣ በድምፅም ቢሆን አትደውሉ። ዳር ያዙና አቁማችሁ አውሩ።

ስማርት ስልክ የሌላቸው ገበሬዎች ደግሞ በድምፅ የሚሠራ ሌላ አገልግሎት አላቸው። በ8028 መደወል ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተከፈተ ነጻ መስመር ነው። በአማርኛም ይናገራል። ቁጥር እየተጫኑ ሰብሉን መርጠው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ በሽታ የተቀዳ ምክር ይሰማሉ። ባለ በተኗ ተራ ስልክ ትበቃለች። ለአባቶቻችሁ ቁጥሩን መዝግቡላቸው፤ አንዴም አብራችሁ ደውሉ።

በአማርኛ ተናግሮ ማስጻፍ

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ። እኔ እንደማየው ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚቆጥበው ይህ ነው። በስልክ ላይ አማርኛ መጻፍ አድካሚ ነው። አንድ ፊደል ለማውጣት ሁለት ሦስት ጊዜ መንካት አለ። መናገር ግን ሁላችንም እንችልበታለን።

ጂቦርድ የሚባለው የጉግል ኪቦርድ ያስፈልጋል። ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ አብሮ ይመጣል፤ ከሌለ ከፕሌይ ስቶር በነጻ ይወርዳል። ቴሌግራም ወይም መልእክት መጻፊያ ክፈቱ። ኪቦርዱ ሲመጣ ከላይ ያለችውን ጥርስ ያለው ጎማ የምትመስል ምልክት ንኩ። "ላንጉዊጅስ" ውስጥ ግቡና "አድ ኪቦርድ" በሉ። አማርኛን ፈልጋችሁ ጨምሩ። ተመልሳችሁ ስፔሷን ተጭናችሁ ያዙና አማርኛን ምረጡ። ከዚያ የማይክሮፎኗን ምልክት ንኩ፣ ፈቃድ ሲጠይቅ ፍቀዱ፣ ተናገሩ። በፊደል ይጽፍላችኋል። ወደ እንግሊዝኛ እየሄደ ካስቸገረ እዚያው ሴቲንግ ውስጥ "ቮይስ ታይፒንግ" የሚል አለ፤ በዚያ ውስጥ አማርኛን ምረጡ። ኢንተርኔት መኖር አለበት።

አይፎን ላይ ከሆናችሁ ጉግል ትራንስሌትን አውርዱ። ከላይ አማርኛን ምረጡና ማይክሮፎኑን ነክታችሁ ተናገሩ። የጻፈውን አማርኛ ኮፒ አድርጋችሁ የፈለጋችሁበት ቦታ ለጥፉ።

ጥሩ እንዲጽፍላችሁ የሚረዱ ነገሮች አሉ። ስልኩን ከአፋችሁ ስንዝር ያህል አርቁት። አንድ ሐሳብ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ። ረዥም ዝም ካላችሁ ማይክሮፎኑ ይዘጋል፤ ስለዚህ ምን እንደምትሉ ቀድማችሁ አስቡ። ወፍጮ ቤት አጠገብ ወይም መናኸሪያ ውስጥ አትሞክሩ። አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ በእጃችሁ ጨምሩ። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን እንደፈለገ ይቀያይራል። ለቴሌግራም መልእክት ይህ ምንም አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ወይም ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን ማረም ተገቢ ነው። የሰው ስምና ቁጥርን ደግሞ ሁልጊዜ መልሳችሁ አንብቡ። "ሁለት ኪሎ" ያላችሁት "ሁለት ሺህ" ሆኖ የተመዘገበ ዱቤ ጎረቤት ያጣላል።

ለማስታወሻ ጉግል ኪፕ ጥሩ ነው። አዲስ ገጽ ክፈቱና በዚሁ ማይክሮፎን ተናገሩበት። ሱቅ ላይ ዱቤ፣ ሙያ ላይ የደንበኛ ልኬት፣ ገበያ ላይ የበግ ዋጋ መመዝገብ ይቻላል። በመንዝ በግ የሚነግዱ ሰዎች የየገበያውን ዋጋ እንዲህ ቢይዙት ለሚቀጥለው ገበያ ጥሩ መነሻ ይሆናቸዋል።

ጆሮ የከበዳቸው ሽማግሌ ቤት ውስጥ ካሉ ደግሞ "ላይቭ ትራንስክራይብ" የሚባለውን የጉግል አፕ አውርዱላቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሰው አጠገባቸው ሲናገር ስክሪኑ ላይ ወዲያው በጽሑፍ ያወጣል። ቋንቋውን አማርኛ አድርጉ፣ ፊደሉንም አተልቁት። ማንበብ የሚችሉ አባት ከቤተሰቡ ጨዋታ ተገልለው መቀመጥ የለባቸውም። ይህን አፕ ለማስተካከል የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፤ እባካችሁ አድርጉላቸው።

ማመልከቻ በአፍ

ቀበሌም ሆነ ሌላ መሥሪያ ቤት ስትሄዱ ማመልከቻ መጻፍ ይኖራል። ብዙ ሰው ለጸሐፊ ከፍሎ ነው የሚያስጽፈው። አሁን በዚህ መንገድ ቤት ሆኖ ረቂቁን ማዘጋጀት ይቻላል።

መጀመሪያ ጉዳያችሁን ለሰው እንደምታስረዱ አድርጋችሁ በአማርኛ ማይክሮፎኑ ላይ ተናገሩ። ስማችሁን ሳትጠሩ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደተፈጠረ፣ መቼ እንደሆነ፣ ምን እንደምትጠይቁ። ቅደም ተከተሉ ቢዘበራረቅ ግድ የለም። ቀጥሎ ጽሑፉን ቻትጂፒቲ ወይም ጀሚናይ በሚባሉት፣ ሲጠየቁ ጽሑፍ በሚያዘጋጁ አፖች ላይ ለጥፉና ከሥሩ "ይህን አጭር ማመልከቻ አድርግልኝ፣ ያላልኩትን አትጨምር" ብላችሁ ጨምሩ። ሁለቱም በአማርኛ ሲጻፍላቸው በአማርኛ ይመልሳሉ። በመጨረሻ ቃል በቃል አንብቡት። እነዚህ ነገሮች ያልተነገራቸውን ፈጥረው የመጻፍ ልማድ አላቸው። የአዋጅ ቁጥር ወይም አንቀጽ ጠቅሰው ካገኛችሁ አውጡት፤ አጣርታችሁ ካልሆነ በቀር አትተዉት። አማርኛውም አንዳንዴ የትርጉም ጠረን ይኖረዋል። ከከበዳችሁ ቀለል አድርጋችሁ በራሳችሁ ቃል መልሱት።

ስምና የመታወቂያ ቁጥር እዚያ ላይ አታስገቡ። ባዶ ቦታ ተዉና ወረቀቱ ላይ በእጃችሁ ሙሉት።

የሚሰማ ስልክን መጠበቅ

የሚሰማ ስልክ ሌላም ሊሰማ ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከጉግል፣ ከአፕልና ከአማዞን የድምፅ ረዳቶች የተቀዱ ንግግሮችን በከፊል ሠራተኞች እያዳመጡ ይገመግሙ እንደነበር ታውቋል። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ አሠራራቸውን ለውጠዋል። ሆኖም ጥንቃቄው የእኛ ነው።

የቴሌብር የይለፍ ቁጥራችሁን፣ በመልእክት የሚመጣላችሁን የማረጋገጫ ኮድ፣ የባንክ ሒሳባችሁን በድምፅ አትናገሩ፤ ማይክሮፎን ላይም አታስጽፉ። ረዳቱ ከቴሌብር ገንዘብ አይልክላችሁም፤ ስለዚህ ቁጥሩን የሚፈልግበት ምክንያት የለም። በድምፅ ገንዘብ እንልክልሃለን የሚል እንግዳ አፕ ካጋጠማችሁ አታውርዱት።

ስልኩ ተቆልፎ ሳለ ሌላ ሰው መልእክታችሁን እንዳያስነብበው፣ አሲስታንት ሴቲንግ ውስጥ "ሎክ ስክሪን" እና "ፐርሰናል ሪዘልትስ" የሚሉትን ፈልጋችሁ አጥፉ። ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ ቤት ወይም ሽምግልና ላይ ስትቀመጡ ደግሞ "ሄይ ጉግል"ን ዝጉት። ቅዳሴ መሀል ስልክ በራሱ መናገር ሲጀምር የሚያስደነግጠው ባለቤቱን ብቻ አይደለም።

የተናገራችሁትን ለማጥፋት በአሲስታንት ላይ "ሄይ ጉግል፣ ዲሊት ኤቭሪቲንግ አይ ሴድ ቱ ዩ ቱዴይ" በሉ። የቀደመውን ለማየትና ለማጥፋት ጉግል አካውንታችሁ ውስጥ "ዳታ ኤንድ ፕራይቬሲ" ከሚለው ሥር "ማይ አክቲቪቲ"ን ክፈቱ። ሦስት ወር ያለፈውን በራሱ እንዲያጠፋ ማዘዝም ይቻላል። "አውቶ ዲሊት" የሚለውን ነክታችሁ 3 ወርን ምረጡ።